ጠፋ እንጂ አልሞተም

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ዛሬ ስድስት ሰው ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። አንዷ ገና በሩን ስታልፍ «ወይኔ አው አሕመድ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ «አባቴ አልሞተም! ጠፋ ነው ያልነው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሷ አንገቴን አቅፋ «አይዞሽ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» ትለኛለች። ያበድኩ መሰላት። ወላሂ ብዙም አልቀረኝ።

አንዱ አምስት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። ምን ላድርገው? መልሼ ላሸክመው? ጥግ አስቀምጬዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጭንቅላቴ እንዲረጋ ከመጀመሪያው ልጻፈው። እሑድ ጠዋት አባዬ ሱብሒ ሰግዶ ሻዩን ጠጣ። እኔ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ገባሁ። ስመለስ በሩ ተከፍቷል፣ እሱ የለም። መርሳት ከጀመረው ዓመት ተኩል አልፎታል። ልብስ ሰፊ ነበር፤ መርፌ ከያዘ ቆየ፤ ሆኖም በየጠዋቱ «ደንበኛ ይጠብቀኛል፣ ረፈደብኝ» ይላል። ለዚህ ነው የበሩን ቁልፍ ሁልጊዜ ኪሴ የማደርገው። እሑድ ግን በሩ ላይ ረሳሁት። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

እስካሁን የፈለግንበት፦ መኪና ግርግር ሰፈር ድሮ ልብስ ይሰፋበት የነበረው ሱቅ፣ የጀጎል በሮች በሙሉ፣ መስጊዶቹ፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ። ፖሊሱ መዘገበና «እኛም እንፈልጋለን» አለ። በየት በኩል እንደሚፈልግ አልነገረኝም።

ሰኞ አጎቴ ሐጂ ዩስፍ መጡ። የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቤታችን እሳቸው ካሉ አለ ነው። «ፌስቡክ ላይ ይውጣ፤ ግን እኔ የምልሽን ጻፊ» አሉኝ። እኔ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው፤ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

«ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። የተከበራችሁ የሐረር ከተማና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለረጅም ዘመን በልብስ ስፌት ሙያ ሕዝባቸውን በቅንነት ያገለገሉት፣ በደግነታቸውና በዒባዳቸው የሚታወቁት፣ የተወደዱና የተከበሩ አባታችን አው አሕመድ...»

እዚህ ጋ ይቆረጣል። ከሥሩ «ሲ ሞር» የምትል ቃል አለች፤ የሚነካት ሰው የለም። «ጠፍተውብናል» የሚለው አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ስልኬ ደግሞ ከሁሉም በታች፣ ከምስጋናው በኋላ። ፎቶውንም የመረጡት አጎቴ ናቸው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሠርግ ላይ የተነሳው፣ በሙሉ ልብስ፣ ጢሙ ገና ጥቁር።

ሰው ከሥር የጻፈው፦
«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»
«አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።»
«የሠርጌን ሱሪ የሰፉልኝ እሳቸው ነበሩ፣ አላህ ይርሐማቸው።»
«ቀብሩ መቼ ነው?»

ቀብሩ መቼ ነው! ሰውየው እግሩ ወስዶት የሆነ ቦታ ተቀምጧል፣ እነሱ መቃብር ይቆፍሩለታል። «አልሞተም፣ እባካችሁ እስከ ታች አንብቡ» ብዬ መልስ ጻፍኩ። መቶ ምናምን «አሚን» መጥቶ ከላዩ ላይ ተከመረበት።

ለአጎቴ ደወልኩ። «ሕዝቡ ጨዋ ስለሆነ ዱዓ ያደርጋል፣ ምን ያስቆጣሻል?» አሉ። ሰላምታው በዛ፣ ወሬው ሩቅ ሆነ አልኳቸው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ተረቱብኝ። እንግዲህ እኛ ሥሩን ስንቆፍር አባቴ ሜዳ ላይ ይደር።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ከእሑድ ወዲህ ዛሬ ሥራ ብቅ አልኩ። ለመሥራት አይደለም፤ ወረቀት አትሜ ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ነው። ትዕግስት ፎቶ ኮፒው ላይ ነበረች። ባሏ አስተማሪ ሆኖ ከጎጃም ሲመደብ አብራ የመጣች ናት፤ ነገር መሸፋፈን አታውቅም። ስታየኝ ብድግ ብላ አቀፈችኝና «እኔኮ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልመጣ ነበር፣ ዘመዶችሽ ቤት ይሁን አንቺ ቤት ቸግሮኝ ነው» አለችኝ።

«አልሞተም!»

«እንዴት አልሞተም? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያወጣሽው?»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ያቺ ትንሿ ስልኳ፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ። ያኔ አየሁት። መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶው ነው። በፎቶው ዙሪያ ደግሞ አረንጓዴ ፍሬም አለ፣ ጥጉ ላይ ለዱዓ የተዘረጉ ሁለት እጆች።

ፍሬሙን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አጎቴ አላሉኝም። ሰኞ ቸኩዬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጋጀውን ከፍቼ ፎቶውን ቀየርኩና አስገባሁት። ያ ፍሬም የምንድን ነው? ሰው ሲሞትበት መጥቶ «የሞት ማስታወቂያ ሥሩልን» ሲለን የምንሠራበት ነው። ስንቱን ሟች በዚያ ፍሬም አሰናድቻለሁ። አባቴንም በእጄ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ትዕግስት ውሃ ሰጠችኝና አንድ ነገር አለች። «አንቺ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፊ ጉዳዩ የሚለውን የት ነው የምታደርጊው?» አለች። ከላይ ነዋ። አስምሬበት። ቢሮ ያለው ሰው ሥራ ስለሚበዛበት የመጣሁበትን በአንድ መስመር እንዲያውቅ ብዬ። ለማላውቀው ሰው የመሬት ጉዳይ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳደርገው ኖሬ ለገዛ አባቴ ረሳሁት። ወይ ነዶ!

ተቀምጬ ለራሴ ጻፍኩ፣ በትልልቁ፦

መጀመሪያ ምን እንደሆነ። ጠፋ። በቃ።
ሁለተኛ በሕይወት አለ። ይሄ ካልተጻፈ ስኳር ይመጣል።
ሦስተኛ ስልክ። ታች አይደለም፣ እዚያው።
አንድ መስመር ላይ አንድ ነገር ብቻ።
ፎቶ፦ የዛሬውን አባቴን፣ የሠርጉን ሙሽራ አይደለም።
ፍሬም እሳት ይብላው።
ሰላምታው ከመጨረሻው ይምጣ፤ አላህ ልባችንን ያውቃል።

ከሰዓት ይዤው አጎቴ ቤት ሄድኩ። ስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። «የመርሳት ሕመም አለባቸው» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄን አውጪው።»

«ሐጂ፣ ሰው ስሙን ቢጠይቀው አይመልስም እኮ። በምን ያውቁታል?»

«ወንድሜን አሞታል፣ አብዷል ብለሽ ለከተማ ልትናገሪ ነው? በዚህ ቤት ላይ እንዲህ ተብሎ አያውቅም።»

ፎቶውን ሳሳያቸው ባሰባቸው። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያነሳሁት ነው፤ ሽርጥ ለብሶ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ ደርቦ። «ሰው አልባሽ የለውም ይበለን?» አሉ። ስንት ሹራብ እንደገዛሁለትና ሁሉንም በምላጭ ፈትቶ «ስፌቱ ልክ አይደለም» እንደሚል ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

ለቅሶ ደራሹም አሳፍሯቸዋል። ስለዚህ ፍርዳቸው፦ የሰኞው ይጥፋ። አዲስም አይውጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራሳቸው በወጉ ለሰው ይናገራሉ። እስከዚያ ሁለት ቀን!

እና እኔ ምን አደረግሁ? አጠፋሁት። እሺ ሐጂ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። መንገድ ላይ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ እጄ አብጧል፣ ለዚህ ነው ጽሑፌ የተንጋደደው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። አንጀቴ አረረ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ጠዋት ጊደር መጋላ ገብቼ በየመደቡ እየዞርኩ ፎቶውን አሳየሁ። የሽርጡን ፎቶ። በርበሬ የምትሸጥ አንዲት እናት ስልኩን ከእጄ ወስዳ አራቀችው፣ አቀረበችው። ከዚያ «እኚህን ሰውዬ አይቻለሁ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት እቃ ልታመጣ ወደ ድሬ ጠያራ ስትሄድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየችው። ጫማ አልነበረውም። ልጇ አብራት ነበረች። ልጇ «እማ፣ ይሄ ሽማግሌ ፌስቡክ ላይ የሞቱትን ሰውዬ አይመስልም?» ስትላት፣ «ሱብሓነላህ፣ የአላህ ፍጥረት እንዴት ይመሳሰላል!» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም ለሟቹ ዱዓ አደረጉለት። ለራሱ ለሰውዬው አንድ ብር ሰጡትና አለፉ።

አንድ ብር ሰጡት!

ሴትዮዋን ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? እሷ ምን አጠፋች? ያየችው የሞት ማስታወቂያ ነው፣ ያመነችው የሞት ማስታወቂያ ነው። ይልቅ ጥፋቱ ሲገባት ማልቀስ ጀመረች። እኔው አጽናናኋት። ይሄም ለእኔ ተረፈ።

እዚያው በርበሬ መሐል ቆሜ እያስነጠስኩ አወጣሁት። አጎቴን አላስፈቀድኩም። ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። እንደገና። አራተኛው ላይ ሄደ። የጻፍኩት ይኸው፣ ቃል በቃል፦

ሰው ጠፍቶብናል። በሕይወት አሉ።
ያያችኋቸው አሁኑኑ በዚህ ስልክ ደውሉ። (ከዚህ ቀጥሎ ቁጥሬ)
ስማቸው አሕመድ። ዕድሜያቸው ሰባ አራት።
እሑድ ጠዋት ከጀጎል ወጡ። ማክሰኞ በድሬ ጠያራ መንገድ ታይተዋል።
ሰማያዊ ሽርጥ፣ ክርኑ የተቀደደ ቡኒ ሹራብ፣ ባዶ እግር።
የመርሳት ሕመም አለባቸው። ስማቸውን ላይነግሯችሁ ይችላሉ።
ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰው ሲያገኙ «ልክህን ልውሰድ» ይላሉ።
ካገኛችኋቸው አትልቀቋቸው። አስቀምጧቸውና ደውሉ።
ቀድሞ የወጣው የሞት ማስታወቂያ ስሕተት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ልጃቸው ነኝ።
ወሰላሙ ዐለይኩም።

ከዚያ የአክስቴን ልጅ ይዤ በባጃጅ ድሬ ጠያራ መንገድ ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስንዞር ዋልን። ድንጋዩን አገኘነው። እሱ የለም። ያገኘነውን ገበሬ ሁሉ ጠየቅን፤ ግማሹ «እሳቸውማ ሞቱ» አለን።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አንዱ «አግኝቻቸዋለሁ፣ የስልክ ካርድ ላኪልኝ» አለ፤ ተሳደብኩ፣ አስተግፊሩላህ። አንዱ ድምፅሽ ያምራል አለኝ። አንዷ ስለ እናቷ ልትነግረኝ ነው የደወለችው፤ እናቷም በር ትከፍታለች፣ ለሰው መናገር አፍራ ሁለት ዓመት አስራ ነው የምታስቀምጣት። ልዘጋባት አልቻልኩም። ሦስተኛው አራተኛው ሲደውል ገባኝ፦ የመርሳት ሕመም የሚለውን ቃል በመጻፌ የደወለልኝ ሰው አለ፣ የሰደበኝ የለም።

የሰደቡኝ አጎቴ ብቻ ናቸው። ከጁምዓ ሲወጡ ሰው ሁሉ ከቦ «ወንድምዎ የመርሳት ሕመም አለባቸው እንዴ?» ሲላቸው ቀጥታ ቤት መጡ። በቆሙበት ነው የጮሁብኝ። አላሳፈርሽንም ወይ፣ አባትሽን ራቁቱን አላቆምሽውም ወይ አሉ። እኔም አልቻልኩም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መለስኩላቸው። «በክብር ከሚሞት በሹራብ ይገኝልኝ!» አልኳቸው። ክፉ ቃል ነው። አልጸጸተኝም።

እሳቸው ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

ልጅት ናት፣ ሐረር የምትማር። ቤተሰቦቿ ድሬ ጠያራ ውስጥ ከመንገዱ ገባ ብለው ነው የሚኖሩት። «አባቴ ማክሰኞ ማታ ሲደውልልኝ አንድ የአላህ እንግዳ መጥቶብናል፣ ሁላችንንም በገመድ ለካን ብሎ እየሳቀ ነግሮኝ ነበር» አለች። የእኔን ጽሑፍ ምሳ ሰዓት አየችው። «የሰኞውንም አይቼው ነበር፤ ሰላምታውን ሳይ የለቅሶ መስሎኝ አለፍኩት» አለች። አጠገቤ አጎቴ ይሰማሉ። ስልኩን ከፍ አድርጌው ነበር፤ ሆን ብዬ አይደለም፣ ግን ደስ አለኝ።

አብረን ሄድን፣ አጎቴም።

ገበሬው ኦቦ አብዲ ይባላሉ። አባዬን ማክሰኞ ከሰዓት ማሳቸው ዳር አገኙት፣ እግሩን አጠቡ፣ አበሉት። ለምን ስሙን አልጠየቃችሁም አልኩ፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። ሰውየው ተገርመው አዩኝ። «እንግዳ ሦስት ቀን ከየት መጣህ ይባላል እንዴ? ዛሬ ልጠይቃቸው ነበር» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

አባዬ ጥላ ሥር ነበር። እግሩ አብጧል፣ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል፣ እጁ ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት ገመድ። እኔን ሲያይ «መጣሽ?» አለ፣ ከሱቅ የተመለስኩ ያህል። ከዚያ አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየና «ትከሻህ ወርዷል፤ ኮቱ መጥበብ አለበት» አላቸው። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሑድና ሰኞ የት እንዳደረ አናውቅም፤ የምናውቅም አይመስለኝም።

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። ተገኝተዋል ብዬ በአንድ መስመር ጻፍኩ።

እሑድ፣ የካቲት 8

አባዬ ተኝቷል። እግሩን ሐኪም አይቶታል፤ ቁስሉ ይድናል አለ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ በክር። ያን ዕለት ቁልፉን በሩ ላይ የረሳሁት እኔ እንደሆንኩ ትናንት ለትዕግስት ነገርኳት፤ «እንግዲህ ሰው ነሽ» ብላ አለፈችው።

ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ አጎቴ ለብቻቸው መጡ። አባዬን ሊጠይቁ መስሎኝ ወደ ውስጥ ይግቡ አልኳቸው። አልገቡም። የውጭውን በር ዘጉና ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ አሁንም ቂም ይዣለሁ፤ ሻይ አቀረብኩ እንጂ ፊቴን አልፈታሁም።

የነገሩኝ ስለ ራሳቸው ነው። አባዬ ከመጥፋቱ አንድ ሳምንት በፊት ከመስጊድ ሲወጡ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠፋባቸው። ሰማንያ ዓመት የኖሩበት ጀጎል! ሁለት ጊዜ ዞረው እዚያው መስጊድ በር ላይ ተመለሱ። ሰው ሲያያቸው እንዳያፍሩ ቆመው የሚጠብቁ መሰሉ፤ አንድ ጎረቤት ሲያልፍ ከኋላው ተከትለው ገቡ። ለሚስታቸውም ለልጆቻቸውም አልተናገሩም።

«ያ ቃል እንዳይጻፍ የከለከሉኝ ለዚህ ነው?» አልኳቸው።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ሦስት ቀን ያቃጠለኝን ሁሉ ላወርድባቸው። አባቴ በእሳቸው ፍርሃት ምክንያት ሜዳ ላይ ሊቀር ነበር። አልወጣልኝም። የኮታቸው ትከሻ እውነትም ሰፍቷቸዋል።

ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። «ለእኔም አንድ አዘጋጂልኝ። አሁን አታውጪው፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። አጭር ይሁን። ስልኩን ከላይ አድርጊው» አሉ። ፎቶ ላነሳ ስል ጥምጣማቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን አነሱና ተዉት።

እዚያው ስልኬ ላይ ጀመርኩ። ስም። ዕድሜ። በሕይወት አሉ። የመርሳት ሕመም የሚለውን ስጽፍ እያዩኝ ነበር፤ አውጪው አላሉኝም። ሰው የሚለይበት መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ሰው ሲያገኙ ምን ይላሉ? መንገድ ቢጠፋብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ። «አንቺ እዪልኝ እንጂ።»

መስመሩን ክፍት ትቼ አስቀመጥኩት። ከነገ ጀምሮ ከዙህር ሰላት በኋላ እሳቸው ቤት እየሄድኩ እቀመጣለሁ።